ኢፍሪቱ ሙስሊም ቢሆንስ?

ባለፈው ዓመት ሻዕባን መጨረሻ አካባቢ፣ ከኢሻ በኋላ፣ ዶርማችን ወለል ላይ አምስት ሆነን ከብበን ተቀምጠናል። መሃላችን የድሮዊንግ ወረቀት ተዘርግቷል። እሱ ላይ በእርሳስ የሣልኩት ዋሻ አለ፤ ዋሻው መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢፍሪት አስቀምጫለሁ። ሦስቱ ልጆች ማን ቀድሞ እንደሚመታው ይጨቃጨቃሉ። አራተኛው፣ ያን ሰሞን የተቀላቀለን ፍሬሽ፣ ተራው ሲደርስ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰላም ልበለው» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ሙስሊም ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ግን ነበረው። ከፍጡሩ ስም ሥር ጠባዩ በአጭሩ ተጽፏል፦ ሕግ አክባሪ፣ ክፉ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስክሪን የለውም። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጣላል። እኛ ዳይስ አንጥልም። ነርድን የሚከለክለው ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ስላለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ከኮፍያ ውስጥ እናወጣለን። «ያው አይደል?» ያለን ሰው አለ፤ እሱን ለዑለሞች ትተነዋል፣ ገንዘብ ግን ተይዞበት አያውቅም። ተራኪው እኔ ነኝ።

እኔን ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝ የጭራቆቹ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ፍጡር ሥዕል፣ ትንሽ ታሪክና ሠንጠረዥ አለው፤ ስንት ምት ይችላል፣ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ምን አይጎዳውም። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ እንደ ማሽን መግለጫ ይነበባል። ከሁሉም የምወደው ብረት የሚያዝገውና የሚበላው ነው። ጋይጋክስ ይህን ፍጡር የፈጠረው ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገዝቶ፣ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ እሱ ራሱ ጠባይ ሰጥቶት ነው ይባላል። መካኒካል ለሚማር ሰው ከእሱ የባሰ ጠላት ያለ አይመስለኝም።

እነዚህ መጻሕፍት በየጊዜው ይታደሳሉ። የመጀመሪያው የጭራቆች መጽሐፍ በ1977 ወጣ፤ የቅርቡ ደግሞ ከ500 በላይ ፍጡራን ይዞ በየካቲት 2025፣ ልክ እኛ ዋሻው ውስጥ በነበርንበት ሰሞን። እድሳት ሲባል ቁጥር ማስተካከል ብቻ አይደለም። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2020 ባወጣው መግለጫ ኦርክ የሚባሉት ፍጡራን የተገለጹበት መንገድ በእውነተኛው ዓለም ሕዝቦች የተሰደቡበትን መንገድ እንደሚመስል አምኗል። እውነት ነው። አንድ ዘር በሙሉ አረመኔ፣ ደደብ፣ ሲወለድ ጀምሮ ክፉ ተብሎ ከተጻፈ፣ መግደሉ ጥያቄ አያስነሳም። በአዲሱ እትም ኦርኮች እንደ ሰው ሁሉ ተጫዋች የሚመርጣቸው ወገን ሆነዋል፤ ከጭራቆቹ መጽሐፍ ውስጥ የራሳቸው ገጽ የለም። ብዙ የድሮ ተጫዋቾች ተናደዋል። እኔ አልተናደድኩም፤ ስለ ሙስሊም ሲወራ እንዲህ ዓይነት አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምተናል?

ሌላ ለውጥም አለ፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው። ሞቶ የማይሞት ጠንቋይ ነፍሱን የሚደብቅበት ዕቃ ነበረው። የዕቃው ስም ደግሞ አይሁዶች ሲሰግዱ ግንባራቸውና ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት፣ ውስጡ ቅዱስ ጽሑፍ ያለበት የቆዳ ሣጥን በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ነው። የሰው የአምልኮ ዕቃ የጠንቋይ ዕቃ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ኖረ። አሁን «የመንፈስ ማሰሮ» ብለውታል። ዕቃው የሚሠራው ያው ነው፤ ስሙን ብቻ ለባለቤቶቹ መለሱ። ይህን ያዙልኝ።

ወደ ኢፍሪቱ ልመለስ። እኛ የምንጠቀመው ኩባንያው በ2023 በነፃ ፈቃድ የለቀቀውን የቀድሞውን እትም ሰነድ ነው። እዚያ ላይ ኢፍሪት 200 የሕይወት ነጥብ፣ 17 መከላከያ አለው፤ እሳት አይነካውም። በጨዋታው ጂኒ ከነፋስ፣ ኢፍሪት ከእሳት፣ ማሪድ ከውሃ፣ ዳኦ ከመሬት ነው። መድረሳ ለቀራ ሰው ይህ ክፍፍል ያስቃል፤ ጂኖች ሁሉ ከእሳት እንደተፈጠሩ ቁርኣን ነግሮናል። ግን እስከዚያች ማታ ድረስ ስቄ አልፌው ነበር። ጉልንም እንደዚሁ፤ ከዐረቦች የበረሃ ተረት ተወስዶ ሬሳ በላ ሆኗል፣ ሐዲስ ደግሞ «ጉል የለም» ስላለን ያለ ምንም ጸጸት እንገድለዋለን።

ኢፍሪት ግን እንደ ጉል አይደለም። ፍሬሹ የጠየቀኝን ረመዷን ውስጥ ተራዊሕ ላይ ቆሜ አሰብኩት። ኢማሙ ሱረቱ ነምል ደረሱ። ሱለይማን (ዐ.ሰ.) እኛ አገር ሕፃን ሁሉ የሚያውቃትን የንግሥቲቱን ዙፋን ማን እንደሚያመጣላቸው ሲጠይቁ፣ ከጂን የሆነ ኢፍሪት ከተቀመጡበት ሳይነሱ እንደሚያመጣው ይነግራቸዋል፤ ጠንካራና ታማኝ መሆኑንም ይናገራል። ዙፋኑን ያመጣው ሌላ ነው። ቢሆንም ያ ኢፍሪት የነቢይ ሸንጎ ውስጥ ቆሞ ለማገልገል ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ሱረቱል ጂንም ውስጥ ጂኖቹ ራሳቸው ከመካከላቸው ደጎችም ሌሎችም እንዳሉ ይናገራሉ። ስለዚህ ከስሙ ሥር «ክፉ» ብሎ ማተም ስህተት ነው። የሚጠየቅ፣ የሚመርጥ፣ ሒሳብ ያለበት ፍጡር ነው። ኩባንያው ለኦርክ የደረሰበትን ነገር እኛ ስለ ጂን ሕፃን ሆነን ተምረነዋል፤ እኔ ግን ወረቀቱን አምኜ ዋሻ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዒድ በኋላ ገጹን እንደገና ጻፍኩት። ቁጥሮቹን አልነካሁም። ጠባዩን አጠፋሁ፣ ቦታውን ባዶ ተውኩ፤ እምነቱን ተጫዋቾቹ ጠይቀው እንዲደርሱበት። የሚናገረውን ጻፍኩ፣ ስም ሰጠሁት፣ ልጆች ያሉት አደረግኩት። ኮራሁበት። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻለው ነበር።

ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ ቂርአት ላስቀሩኝ ኡስታዝ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሲናገር ቃሉን ማነው የሚጽፍለት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ኡስታዝ።»

«ስለማታየው ነገር?»

ሐራም ነው አላሉኝም፣ ሐላል ነውም አላሉኝም። ሌላ ወሬ ጀመሩ። ያን ማታ እናቴ የፈላ ውሃ ደጅ ስትደፋ አየኋት። እንደ ወትሮዋ ቆም አለች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ከዚያ ደፋች። እዚያ ያለ ካለ እንዳይቃጠል ነው። እሷ ለማታየው ፍጡር የምትሰጠው ቦታ ይህ ነው፤ ታስጠነቅቀዋለች እንጂ በእሱ ስም አታወራም። የእኔ የመጀመሪያው ኢፍሪት በማያውቁት ሰዎች የተጻፈ ተረት ነበር፣ ከእውነቱም ሩቅ ነበር። ባስተካከልኩት ቁጥር ወደ እውነቱ ቀረበ፤ በቀረበ ቁጥር ደግሞ በእሱ አፍ የመናገር መብቴ አነሰ። ይህን ነገር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጨረስኩትም። ጓደኞቼ «አበዛኸው፣ ጨዋታ ነው» ይሉኛል፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ለእኔ ግን እናቴ እንደዚያ የምትጠነቀቅለትን ስም ይዞ መጫወት ከበደኝ።

ያን ጊዜ የጠንቋዩ ማሰሮ ትዝ አለኝ። እኔም ስሙን መለስኩ። በኢፍሪቱ ቦታ የነሐስ ዘበኛ አቆምኩ፤ አንጥረኛ የሠራው፣ ደረቱ ውስጥ እቶን የሚነድ፣ ነፍስ የሌለው። 200 የሕይወት ነጥብ፣ 17 መከላከያ፣ እሳት አይነካውም። የመገጣጠሚያዎቹን ሥዕል ሳይቀር በስኬል ሠራሁለት። ጥሩ ጭራቅ ነው። ያኛውን ያህል ግን አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ዶርማችን ውስጥ ማንም ጠላቱ ፊት ቆሞ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም።

ሸዋል መጨረሻ ላይ ስንመለስ ዋሻው ያው ነበር። ፍሬሹ ተራው ሲደርስ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየና ቀና አለ።

«ይሄኛው ሰላምታ ይመልሳል?»

«አይመልስም፣ ማሽን ነው» አልኩት።

«እሺ» አለና እጁን ኮፍያው ውስጥ ከተተ። 4 አወጣ። ሳተው።