የፑል ቤቱ ድምፅ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል በወጣቶች ኅብረት አስተባባሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ቀረበልን። ከመዘምራኑ አንዱ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፑል ቤት ሲጫወት ታይቷል፤ ያውም ደጋግሞ። ከመዝሙር አገልግሎት ይታገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔ አስተማሪው ስለሆንኩ ሄጄ እንድነግረው ተወሰነ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከተሰበሰብነው ሁሉ የፑል ኳስ ሲመታ በድምፁ ብቻ ምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አገራችን በቆሎ አብቃይ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ ይመጣል። አባቴ ማሳው ዳር በተሠራ ማማ ላይ ያድር ነበር፤ እኔም አብሬው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ምንም አይታይም። አባቴ ግን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያዳምጥና ወንጭፉን ያዞራል። ድንጋዩ ሲያርፍ እንደገና ያዳምጣል። አገዳ ላይ ሲወድቅ አንድ ድምፅ አለው፤ እርጥብ አፈር ላይ ሌላ። «ወደ ግራ ሄደብኝ» ይልና ሁለተኛውን ያቀናል። ዓይኑ ያላየውን ስሕተት ጆሮው ይነግረዋል ማለት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ቡሬ ቤት ተከራይቼ መማር ጀመርኩ። እንደ ብዙዎቻችሁ ዓርብ ወደ ቤት ሄጄ እሑድ ስንቅ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ መኪናና እንግዳ አይጠፋባትም። ከኪራይ ቤቴ ፊት ለፊት ፑል ቤት ነበረ። መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ገባሁ። ከዚያ ዱላውን ያዝኩ።

እዚያ ቤት ማንም የማያሸንፋቸው አንድ የቀድሞ ሾፌር ነበሩ። አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ በአንድ ዓይን እንዴት አድርገው ነው የሚያልሙት?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዓይን ሥራው ከመምታትህ በፊት ነው። ከመታህ በኋላ ጆሮህን ጠይቅ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንድመታ አዘዙኝ። መታሁ። «ሙሉ መታሃት» አሉ። ደገምኩ። «በጠርዟ ነው የነካሃት።» ሦስተኛውን ስመታ ከዱላው ጫፍ ደረቅ ድምፅ ወጣና ነጯ ኳስ ወደ ጎን ሸሸች። «ጠመኔ አልቀባህም» አሉና ሳቁ። ሦስቱም ልክ ነበር።

በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ፊዚክስ ሳጠና ነገሩ ተአምር እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለት ኳሶች ሲጋጩ የሚነካኩት ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ይህን ዓይን አይዘውም። የግጭቱ ጉልበት ግን በድምፁ ውስጥ አለ። ነጯ ሌላዋን ፊት ለፊት ከመታቻት ፍጥነቷን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ታስተላልፍላታለች፤ ድምፁም ሙሉ ነው። በግማሽ አካሏ ብቻ ከመታቻት የተመታችው ኳስ ነጯ ከመጣችበት መስመር 30 ዲግሪ ገደማ ታጥፋ ትሄዳለች፤ የምትቀበለውም ከነጯ ፍጥነት 87 በመቶ ያህሉን ነው። 60 ዲግሪ እንድትታጠፍ በስሱ ከነካቻት ደግሞ ግማሹን ብቻ ትቀበላለች፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ በስሱ ልትነካ አስበህ ወፍራም ድምፅ ከሰማህ፣ ኳሷ ገና ጉድጓዱ ጋ ሳትደርስ መሳትህን ታውቃለህ። የጠመኔውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የዱላው ጫፍ ኳሷን ቆንጠጥ አድርጎ እንዲይዝ የሚያደርገው እርሱ ነው። ከሌለ ጫፉ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ይሰማል።

በድምፅ ማለም የእኛ ሾፌር ብቻ ጥበብ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ሲባል እ.ኤ.አ. በ1946 ጎልቦል የሚባል ጨዋታ ተጀመረ። ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይሸፈናሉ፤ ኳሱን የሚይዙት በጆሯቸው ተከትለው ነው፤ ተመልካቹም ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ ዝም ማለት አለበት። ከ1976ቱ የቶሮንቶ ፓራሊምፒክ ጀምሮ የውድድር ስፖርት ሆኗል።

ልብ በሉ፤ ድምፅ ኳስ አያስገባም። የሚመጣው ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው። የሚያቀናው የሚቀጥለውን ምት ነው። ጋሼ ከሁሉ አጥብቀው የነገሩኝም ይህን ነበር። አንዴ አንዷን አስገብቼ ስዘል፣ «አትደሰት፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። በስሕተት የገባች ኳስ ክፉ አስተማሪ ናት» አሉኝ። እኔ ግን መግባቷን እንጂ ድምፅዋን አልሰማሁም።

በዚህ ሁኔታ በገንዘብ መጫወት ጀመርኩ። መጀመሪያ አሸነፍኩ፤ እርሱም በስሕተት የገባች ኳስ ነበር። ከዚያ እናቴ በርበሬ ሸጣ የሰጠችኝን የሦስት ወር የቤት ኪራይ በሁለት ምሽት ተበላሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናቴ የቡሬ ገበያ ልትገበይ መጣችና አብሬያት ዞርኩ። ሸክላ ተራ ደርሰን አንድ እንስራ አነሳች። በጣቷ አጥንት ቆርቆር አድርጋ አዳመጠችና መልሳ አስቀመጠችው። «ተሰንጥቋል» አለች። እኔ ምንም ስንጥቅ አላየሁበትም፤ ሻጯ ግን አልተከራከረችም። ትንሽ እንደሄድን፣

«ኪራዩን ከፈልህ?» አለችኝ።

«ከፈልኩ እማ።»

ቆም አለች። ፊቴን እንኳ አላየችም። «ድምፅህ እንደዚያ እንስራ ነው ልጄ» አለች።

ሌላ አልጨመረችም። ቀጥታ አከራዬ ዘንድ ሄዳ የዚያን ቀን የበርበሬ ገንዘቧን ቆጥራ ከፈለች። ቡናና ጨው ሳትገዛ ባዶ ቅርጫት ይዛ ተመለሰች። እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋት፤ አንድም ቃል አልወጣኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። አልተውኩም። ለወራት ቀጠልኩ። ጌታን ያገኘሁትም ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ነገር ግን ዱላ በያዝኩ ቁጥር ያ የእንስራ ድምፅ ይመጣብኝ ነበር። ዘፍጥረት 27ን ሳስተምር አሁንም እናቴን አስባለሁ። ይስሐቅ ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን የያዕቆብን ድምፅ በትክክል ለይቶ ነበር። የተሳሳተው ከጆሮው ይልቅ እጁ የዳሰሰውን ጠጉርና አፍንጫው ያሸተተውን ልብስ ሲያምን ነው። እናቴ ግን ጆሮዋን አመነች።

ወደ ልጁ ልመለስ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፑል ቤቱ ሄድኩ። ሲያየኝ ዱላው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«መምህር…»

«ጨዋታህን ጨርስ፤ እጠብቅሃለሁ» ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ይቸኩላል። አንዷን አስገባ። «ገብታለች፤ ግን ወፍራም መታሃት» አልኩት።

«ሳያዩ እንዴት አወቁ?» አለኝ።

መንገድ ለመንገድ እየሄድን ነገርኩት፤ ጋሼን፣ በርበሬውን፣ እንስራውን። ሲጨርስ የሰማኝ የእርሱ ተራ ሆነ። በገንዘብ እንደማይጫወት፣ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ሒሳብ ከመክፈል ሌላ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ከዚያ ዝም አለና፣ «መምህር፣ ቸርች ስመጣ ሁላችሁም ልምምድ ለምን ቀረህ ነው የምትሉኝ። እዚህ ግን ምሳ በላህ ወይ ይሉኛል» አለ። ብቻውን ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በዚያ ሳምንት ስንቁ ማክሰኞ አልቆበት ነበር። ሦስት ዓመት በመዝሙር ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ይህን ግን አልሰማሁም።

እገዳውን አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቆሜ የራሴን ታሪክ ተናገርኩ። ዝምታ ሆነ። አንድ ወንድም፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅኸን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። ሁሉም በነገሬ አልተስማሙም፤ የሚቆጣጠረው ከሌለ ሌሎቹም ይከተሉታል ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በመጨረሻ እገዳው ይቆይ ተባለ። ተከራይተው የሚማሩ ልጆችንም በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ ምሳ እንዲጠራቸው ተስማማን።

ልጁ ይዘምራል። አንዳንዴ ፑል ቤት ይሄዳል፤ ሲሄድም ይነግረኛል። ፑል ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በገንዘብ መጫወት እኔን ያስከፈለኝን አይታችኋል፤ ከእናቴ ቅርጫት የወጣ ገንዘብ ነው። ከእርሱ ራቁ። ወዳጃችሁ እዚያ ከገባ ግን፣ መታየቱን ለሌላ ከመናገራችሁ በፊት ሂዱና አጠገቡ ተቀምጣችሁ አዳምጡት።

እናቴ አሁን አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል። ስደውልላት «ደህና ነህ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ እማ» እላለሁ። ወዲያው አትመልስልኝም። ጥቂት ዝም ትላለች። እያዳመጠች እንደሆነ አውቃለሁ።