ቀሪ

የደምቢያ ሜዳ ዳር አለው። ወደ ሰሜን ቢሉ የጎንደር ተራሮች፣ ወደ ደቡብ ቢሉ ጣና ያቆመዋል። እኔና ወንድሜ እዚያ ተወልደን ስላደግን ሜዳ ማለት ለእኛ ዳርቻው የሚታይ ነገር ነበር። ፕሌኖ እንዲህ አይደለችም። ከዳላስ ተነስቶ ሀይዌይ 75ን ይዞ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጉብታ እንኳ የለም። ጣሪያ፣ ዛፍ፣ የውሃ ታንከር፣ ሰማይ፤ ደግሞ ጣሪያ።

ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሰፈሩት ገበሬዎች መንደራቸውን በፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ስም ሊጠሩ ፈልገው ነበር። ያ ሳይፈቀድላቸው ሲቀር “ሜዳ” የሚል መስሏቸው ፕሌኖ የሚለውን የስፓኝ ቃል መረጡ። ቃሉ በትክክል ሲፈታ ጠፍጣፋ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር። “የሒሳብ መምህር በመጨረሻ ጠለል ላይ ቤት ሠራ” አለኝ በስልክ።

የመጣሁት ለእሱ ሰማንያ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም አረፈ። ቪዛ እስኪደርስልኝ ቀብሩም አርባውም አለፈኝ። ጥቅምት 8 ቀን ደርሼ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ መቃብሩ እንዲወስዱኝ ጠየቅሁ። አፈሩን ሳይ ግን ደነገጥሁ። ዋልካ ነው! ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው የደምቢያው ጥቁር አፈር። ይህ አፈር ከቴክሳስ ሰሜናዊ ድንበር እስከ ሳን አንቶኒዮ ድረስ ይወርዳል፤ በድርቅ ወራት የቤት መሠረት ስለሚሰነጥቅ የፕሌኖ ሰዎች በቤታቸው ዙሪያ ጎማ ዘርግተው መሠረቱን ውሃ ያጠጣሉ። ወንድሜ ከዓመታት በፊት “ዛሬ ቤቴን ውሃ ሳጠጣ ዋልሁ” ያለኝ አሁን ገባኝ። ጎንበስ ብዬ አንድ ጓል አነሳሁ። በጣቴ ፈተግሁት፤ ሽታው እንኳ ያው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ አፈር ላይ ሲኖር የአባታችን ማሳ ከእግሩ ሥር እንደነበረ አንድም ቀን አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ አላዳመጥሁትም።

ከተማዋ ምርጫ ላይ ነበረች። ድምፅ ቀድሞ መስጠት የተጀመረው ጥቅምት 11 ነው፤ ዋናው ቀን ጥቅምት 26። በየቤቱ ሣር ላይ ትንንሽ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ትራምፕ፣ ሃሪስ፣ ክሩዝ፣ ኦልሬድ። የወንድሜ ግራና ቀኝ ጎረቤቶች ሰሌዳቸው ተቃራኒ ነው። ማታ ማታ ግን ልጆቻቸው በአንድ ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ሰሌዳ ስትጥል ሮጦ መልሶ የሚተክለው የማንኛውም ቤት ልጅ ነው። ይህን ሳይ ቀናሁ፤ ቅናቴን አልደብቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ሃያ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ወጣት ስልኩን እያየ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠርቶ “አሉ ወይ?” ብሎ ጠየቀ። አጠራሩ የተሰባበረ ነበር፤ ቢሆንም የእሱ ስም ነው። ዓመት ለምትመስል አንዲት ቅጽበት ሁላችንም ዝም አልን። የወንድሜ ሚስት በሩን እንደያዘች ማረፉን ነገረችው። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ስልኩን ነካ አደረገና ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ። በቴክሳስ ለዚያ ምርጫ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። የዚያ ልጅ ዝርዝር የስንት ሰው ይሁን አላውቅም፤ አንዱ ግን እኛ ደጃፍ ላይ፣ ዓይናችን እያየ ተቀነሰ። እሷ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። “ቢያንስ በስሙ ጠሩት” አለች።

ወንድሜ ስለ መቁጠር ቀልድ አያውቅም ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ የመረጠ ሰው ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የክፍል ኃላፊ የሆነበት ክፍል 72 ተማሪ ነበረው። ሰኔ 1 ቀን ከምርጫው በኋላ በተነሳው ተቃውሞ ላይ ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ከ72ቱ አንዱ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔና በጥቅምት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ሲቆጥር 193 ሆኑ፤ ስድስት ፖሊሶችም ሞተዋል። ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ዳኞች ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ፤ ዓለም ቁጥሩን የሰማው ከወጡ በኋላ ነው። ወንድሜ ይህን ቁጥር አጠጋግቶ የሚጠራ ሰው አይወድም ነበር። “ወደ ሁለት መቶ ሰው” ካሉት ፊቱ ይለዋወጥና “ሰባቱን ከየት አመጣሃቸው?” ይል ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ ብሎኛል።

በ1999 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ወጣ። እናታችን እስክትሞት ድረስ ለጠየቃት ሁሉ “እዚያው ቀረ” ነበር መልሷ። ይህን ቃል ከመጣሁ ወዲህ ብዙ አሰብሁበት። በመቀነስ ሒሳብ ቀሪ የሚባለው የተረፈው ነው። በስም መጥሪያ ላይ ደግሞ ቀሪ የሚባለው ያልመጣው ነው። አንድ ቃል ያለውንም የሌለውንም ተሸክሟል፤ ከእናቴ አፍ ሲወጣ ሁለቱንም ነበር።

ወንድሜ ሌሊት መጋዘን ውስጥ እየሠራ፣ ቀን ተኝቶ፣ ማታ ልጁን ሒሳብ ያስጠና ነበር። ልጅቷ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መጨረሻ የሌለው ብዛት ምን እንደሆነ ያስተማራት በታክሲ ነው አለችኝ፤ እኔም ያኔውኑ ያንን ታክሲ አስታወስሁት። ጀርመናዊው ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎቹ የማያልቁ፣ ግን ሁሉም የተያዙ ሆቴል ምሳሌ አድርጎ ያስተምር ነበር። ወንድሜ ሆቴሉን ትቶ ከመገናኛ አራት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ አደረገው። ወንበሮቹ አያልቁም፤ ሁሉም ሰው ተቀምጦባቸዋል። እንግሊዝ ኤምባሲ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን ያነሳሉ። ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ!” ይላል። የአንደኛው ወንበር ሰው ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ይጠጋና አንደኛው ወንበር ባዶ ይሆናል። ማንም አልወረደም፤ እናቲቱ ግን ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ “ወራጅ አለ!” ይላል። አንድ ሰው ወረደ። ከእሱ ኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ወንበር ወደ ፊት ይመለሳል፤ ባዶ ቦታ አይገኝም። መጨረሻ ከሌለው አንድ ቢቀንሱለት የጎደለ ነገር የለም።

የዚህ ሁሉ ሥር ጌዮርግ ካንቶር ነው። ካንቶር የተነሳው ደምቢያ ውስጥ እረኛ ከሚያውቀው ነገር ነው። ቁጥር የማያውቅ ልጅ ጠዋት በጎቹ ከበረት ሲወጡ ለአንዱ በግ አንድ ጠጠር ያስቀምጣል፤ ማታ ሲገቡ ለአንዱ በግ አንድ ጠጠር ያነሳል። የተረፈ ጠጠር ካለ የጠፋ በግ አለ። ካንቶር ይህንኑ ማዛመድ ማለቂያ ወደሌላቸው ነገሮች ወስዶ በ1874 እ.ኤ.አ. አንዱ ማለቂያ የሌለው ከሌላው ማለቂያ ከሌለው እንደሚበልጥ አረጋገጠ። ለመጠሪያም የዕብራይስጡን አሌፍ መረጠ፤ የእኛው አልፍ፣ የ“አ” ፊደል የግዕዝ ስም ነው። የግዕዝ ቁጥርም ትልቁ ምልክት ፼ ነው፤ ሁለት ፻ ተቃቅፈው አሥር ሺህ፣ እልፍ። ስፍር ቁጥር ለሌለው ብዛትም አባቶቻችን እልፍ አእላፋት ይሉ ነበር።

ወንድሜ ግን ካንቶርን ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚጨርሰው በሰውየው ልጅ ነበር። በታኅሣሥ 1899 እ.ኤ.አ. ካንቶር ላይፕዚግ ንግግር ሊያደርግ ሄዶ ሳለ የመጨረሻ ልጁ ሩዶልፍ ሃሌ ላይ በድንገት ሞተ። አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ሲቀነስ የማይጎድለውን ብዛት ለዓለም ያሳየ ሰው ቤቱ ሲገባ አንድ ጎደለ። ካንቶር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜውን በሕክምና ተቋማት አሳልፎ እዚያው ሃሌ ውስጥ በ1918 ሞተ። ወንድሜ ይህን ለተማሪዎቹ ይናገር እንደነበር አላውቅም። ለእኔ የነገረኝ ከሰኔ 1 በኋላ ነው።

ሰማንያው ጥቅምት 23 ቀን፣ ቅዳሜ ዋለ። ጋርላንድ ካለው ቤተ ክርስቲያን ከጸሎቱ መልስ ሰው ሁሉ ወደ ቤት መጣ። እድሩ የሚታጠፉ ወንበሮች አመጣ፤ እነሱም አልበቁም። ደጋግሞ የሰማሁት ቃል “ጠጋ ጠጋ በሉ” ነው። በእውነትም የለቅሶ ቤት አይሞላም፤ ለአንድ ሰው ሁልጊዜ ቦታ አለ። አንዲት ወንበር ግን በመስኮቱ በኩል፣ ወንድሜ ከሥራ መልስ ጫማውን የሚያወልቅባት፣ ባዶዋን ቀረች። ማንም አልከለከለም፤ ማንም አልተቀመጠባትም።

ቀኑ የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ሁለተኛ ዓመት ነበር። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ወደዚያው ገቡ፤ በስደት ያለ ሀበሻ ለቅሶ ቤት ገብቶ አገሩን ሳያነሳ አይወጣም። ስለዚያ ጦርነት፣ ቀጥሎም በወቅቱ አማራ ክልል ውስጥ ስለነበረው ውጊያ ተነሳ። አንዱ፣ አደራዳሪው ኦባሳንጆ የሞቱት እስከ 600 ሺህ ሊደርሱ እንደሚችሉ መናገራቸውን ጠቀሰ። ሌላው “ተጋንኗል፣ ግፋ ቢል 300 ሺህ ነው” አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሁለቱም መልካም ሰዎች ናቸው፤ ለወንድሜ ሬሳ አብረው ያደሩ፣ ቤተሰቡንም እስከ ዛሬ ያልተለዩ። እኔ ግን በሁለቱ ቁጥር መካከል ያለውን ሰው አሰብሁ። ሌላ 300 ሺህ ነው። እያንዳንዱ የሚጠብቀው ቤት፣ ጫማውን የሚያወልቅባት ወንበር አለችው። ክርክሩ ላይ ግን መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ እንደ ወንድሜ ታክሲ ተሳፋሪ፤ ሲጨመርም ሲቀነስም የሚያንስ የሚበዛ ነገር አልነበረም። አገር የሚመሩም፣ የሚያዋጉም፣ እኛም ከሩቅ ሆነን የምንፈርድ ስለ ሕዝብ ስናወራ በዚህ ሒሳብ ነው የምናወራው። ይህ ሒሳብ ለሰው አይሠራም። በዚያ ሳሎን ውስጥ የአንድም የጦርነቱ ሟች ስም አልተጠራም። እኔም አልጠራሁም፤ የማውቃቸው ነበሩ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት “ኧረ ተዉ፣ ለቅሶ ቤት ነው” አሉና ዝም ተባለ።

ያች ሌሊት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስባት ሌሊት ነበረች። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ ስምንት ሲል ሰዓቱ እንደገና ሰባት ይሆናል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነበር። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አንዱን ቀን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት፣ እንዲያ እንዲያ እያሉ እስከ ሳድሲት ይከፍሉታል። የተጨመረልን ሁለት ኬክሮስ ተኩል ነው ብዬ አሰላሁ። ልጅቷም አልተኛችም ኖሯል። ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“አጎቴ፣ ይቺ የአባዬ ናት። ምን እንደምትል አንብብልኝ።”

የ1997ቱ ክፍል ስም ዝርዝር ነው፤ ከስም መጥሪያው በእጁ የገለበጠው። ተራ ቁጥሩን የጻፈው በግዕዝ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ከወጣን ጀምሮ ልማዱ ነበር። ልጅቷ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ የግዕዝ ቁጥር ግን አስተምሯታል። በየስሙ ፊት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ የመጣ በነጥብ፣ የቀረ በ“ቀ”። አንድ መስመር ላይ ከሰኔ 1 ጀምሮ ነጥብም “ቀ”ም የለም። ዓመቱ እስኪያልቅ ያንን ስም ይጠራ እንደነበር፣ ከጠራም በኋላ ትንሽ ቆይቶ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ አንድ ጊዜ ነግሮኛል።

ከአንድ ጀምሬ ስሞቹን ጠራሁላት። እሷ እርሳስ ይዛ ለአንዱ ስም አንድ ጭረት በወረቀት ላይ ታሰምራለች። ለምን እንደምታደርገው አልጠየቅኋትም። በመሐል ድምፄ ከዳኝ፤ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልሁ። ፸፪ ላይ ስደርስ ጭረቶቿን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ በጣቷ ቁልቁል ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

“አጎቴ፣ ፵፩ን ዘለልኸው።”

ምድጃው ላይ ያለው ሰዓት ገና ሰባት ተኩል ይላል። ደብተሩን ተቀብዬ ወደ ፵፩ ተመለስሁና የልጁን ስም ከነአባቱ ጠራሁት። እሷም ጭረቷን አሰመረች።