ሳን ክሎድ፤ የፒፓ ከተማ

በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ተማሪ ሳለሁ ክፍል ያከራዩኝ ሰው በባቡር ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። እኔ «ሙሴ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። በሳሎናቸው ውስጥ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አምስት ፒፓዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከአጠገባቸውም ሦስት የትምባሆ ቆርቆሮዎች ተቀምጠዋል። ሐኪማቸው ትምባሆን ጨርሰው እንዲተዉ አዝዞአቸው ነበር። እሳቸው ግን ታግለው ታግለው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ፒፓ ብቻ ለመጠጣት ከራሳቸው ጋር ተስማምተዋል።

አንድ እሑድ ጉንፋን ይዟቸው ከወንበራቸው መነሣት አቃታቸውና «ልጄ፣ እባክህ ፒፓዬን ሞልተህ አቀብለኝ» አሉኝ። እኔ ያደግሁት ትምባሆ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ጠጪን በብርቱ ይቀጡ እንደ ነበር አያቴ ደጋግማ ስታወራ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለእኔ ፒፓ ሁሉ ያው ፒፓ፣ ትምባሆም ሁሉ ያው ትምባሆ ነበር። ከዳር ያለችውን ቀላ ያለች ፒፓ አነሣሁ፤ እጄ ላይ ከገባው ቆርቆሮም ጥቁሩን ቅጠል ሞልቼ ሰጠኋቸው። ክብሪት ጫሩ፤ አንድ ጊዜ ሳቡ፤ ከዚያም ፒፓዋን ከአፋቸው አውጥተው ተመለከቷትና ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ላይ አኖሯት። አልተቆጡም። ነገር ግን ያን ዕለት እስከሚተኙ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በማግሥቱ ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልነገርሁህም። ያቺን ፒፓ የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቢጫው ትምባሆ በቀር ሌላ ቀምሳ አታውቅም» አሉኝ። «እንጨት ይህን ያህል ያስታውሳል?» ብዬ ብጠይቅ ፈገግ አሉና፣ «ሳን ክሎድ ሂድና ጠይቅ። ደግሞም የሚሄደው ባቡር ራሱ መታየት የሚገባው ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በማለዳ ተነሣሁ። ከዲዦን ወደ ዶል ያለው መንገድ አጭር ነው። ዶል ታላቁ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 የተወለዱባት ከተማ ናት። ከዚያ ትንሹ ባቡር ወደ ዡራ ተራሮች መውጣት ይጀምራል። የመስመሩ ርዝመት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 36 ዋሻዎችና 18 ታላላቅ ድልድዮች አሉበት። ላሞች የተሰማሩበት ሜዳ እያለቀ ጥዱ እየጠቆረ ይሄዳል። መነጽር በመሥራት የታወቀችው ሞሬ ስትደርስ ባቡሩ በገደሉ ላይ ከድልድይ ወደ ድልድይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከአጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴት ወይዘሮ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልፍ ድረስ ጠበቁ፤ እኔም ሊማሊሞን አስታወስሁ።

ሳን ክሎድ ሁለት ወንዞች፣ ቢየንና ታኮን፣ በሚገናኙበት ጠባብ ሸለቆ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሕዝቧ አሥር ሺሕ አይሞላም። ጥንት የገዳም ቦታ ነበረች። በ7ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ጳጳስ ቅዱስ ክሎድ ዐፅማቸው እዚህ ስላረፈ ከሩቅ አገር ሁሉ ተሳላሚ ይጎርፍ ነበር። ተሳላሚም እንደ ሌላው አገር ተሳላሚ ሁሉ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መመለስ አይወድም። የከተማው ሰዎች ከጠንካራ እንጨት መቁጠሪያ፣ ትንንሽ የቅዱሳን ምስልና የልዩ ልዩ ዕቃ ማስቀመጫ እየጠረቡ ይሸጡለት ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ ዐፅሙ ተቃጠለ። ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በ1799፣ ከተማዋ ራስዋ ከሞላ ጎደል በእሳት ወደመች። ተሳላሚው ቀረ፤ የጠራቢዎቹ እጅ ግን ሙያውን አልረሳም። ከመቁጠሪያ ወደ ትምባሆ ዕቃ ዞሩ።

ችግሩ እንጨቱ ነበር። የሚያውቁት እንጨት ሁሉ እሳት ሲገባበት ይከስላል፣ ይሰነጠቃል። በ1850ዎቹ ግን ከሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ብሩየር የሚባል እንጨት መጣላቸው፤ ከተማዋም በዚህ እንጨት ምክንያት በዓለም ታወቀች። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሠራተኛ በፒፓ ሥራ ይኖር ነበር። ዛሬ የቀሩት ጥቂት የሥራ ቤቶች ናቸው። ከካቴድራሉ አጠገብ ያለው ሙዚየም የፒፓና የአልማዝ ሙዚየም ይባላል፤ ምክንያቱም ከተማዋ አልማዝም ትስል ስለ ነበር ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቼ አንድ አነስተኛ የሥራ ቤት ገባሁ። ሽርጥ የታጠቁ ዕድሜአቸው የገፋ ሰው ከቶርኖው ፊት ቆመው ነበር። የመጣሁበትን ነገር ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ቶርኖውን አቁመው እጃቸውን ጠረጉና፣ «በመጀመሪያ እንጨቱን እይ» አሉኝ።

ያሳዩኝ የሰው ራስ የሚያህል ጉጥ ነበር። ይህ ጉጥ የሚያድገው መሬት ውስጥ፣ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ተክሉ ሰደድ እሳት ቢበላው እንኳ ከዚህ ጉጥ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ለፒፓ እንዲሆን ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ተቆፍሮ ሲወጣ በመጋዝ ይቆራረጣል፤ መራራ ጭማቂው እንዲወጣለት ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ ከዚያ በጥላ ለብዙ ወራት ይደርቃል። ከመሬት የመጠጠው እንደ አሸዋ ያለ ማዕድን በውስጡ ስላለ እሳት በቀላሉ አያሸንፈውም።

ቀጥለው የተክሉን ሥዕል ከግድግዳው ላይ አሳዩኝ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባውም ነጭና ደቃቅ ነው። ሳየው ደነገጥሁ። አስታ ነው! የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበር በኩል ወደ ስሜን ተራራ ስንወጣ፣ ጢም መስሎ የሚንጠለጠል ሽበት የለበሰውን የአስታ ዛፍ እየታከክን ነበር ያለፍነው። የአገሬው ሰው ይማግደዋል፤ ቤትም ይሠራበታል። የዕፀዋት ሊቃውንት በዘር ምርመራ እንደ ደረሱበት፣ ይህ ተክል ወደ ሜዲቴራኒያን የተስፋፋው ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ተነሥቶ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ጉጡን እንደ አዲስ ነገር አገላብጠው ተመለከቱት። «እንግዲያውስ የአገርህ ልጅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥያቄዬ መጣን። ብሩየር ሲነኩት እንደ ድንጋይ ቢጠነክርም ሲጠጣ ግን እንጨት ነው። ትምባሆ ሲነድ እርጥበትና ዘይት ያወጣል፤ ይህም ቀስ በቀስ በፒፓው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። ከላዩም ጥቀርሻ እየጠነከረ ይለብሰዋል። ይህ ጥቀርሻ በመጠኑ ሲሆን እንጨቱን ከመቃጠል ያድነዋል። ነገር ግን የትምባሆውን ጠባይ ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

የትምባሆውም ጠባይ ብዙ ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ቢጫው ትምባሆ በጋለ አየር የሚደርቅ፣ በተፈጥሮው ስኳር የበዛበት ነው። በርሌ የሚባለው በጥላ በነፋስ ይደርቃል፤ ስኳሩ ጥቂት በመሆኑ ቫኒላም ሆነ ሌላ ሽታ ቢጨምሩበት ፈጥኖ ይቀበላል። ላታኪያ ደግሞ ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘ ሲሆን በቆጵሮስም ይሠራል። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ስለዚህ ጥቁር ነው፤ ሽታውም እንደ ጢስ ቤት ነው። እኔ በሙሴ ፒፓ የሞላሁት ይህንኑ ኖሯል።

«ላታኪያ አንድ ጊዜ የገባበት ፒፓ በሚቀጥለው ቀን ቨርጂኒያ ብትሞላበት ላታኪያ ላታኪያ ይልሃል» አሉኝ ሽማግሌው። «ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ ትምባሆ የራሱን ፒፓ ይመድብለታል። ደግሞም ፒፓ እስኪደርቅ ማረፍ ስላለበት ከአንድ በላይ መያዙ አይቀርም።» ሁሉም ሰው በዚህ እንደማይስማማና ይህን እንደ ከንቱ ጥንቃቄ የሚቆጥሩ ጠጪዎች እንዳሉም አልሸሸጉኝም። ከሸክላ የተሠራ ፒፓ እሳት ውስጥ ገብቶ እንደ ገና ሊነጻ ይችላል፤ እንጨት ግን ይህን አይችልም።

እኔ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእናቴ ቤት የእንጀራው ምጣድ ሌላ፣ ቆሎ የሚቆላበት ብረት ምጣድ ሌላ ነው፤ በእንጀራው ምጣድ እህል የቆላ ሰው ወዮለት። የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ እርጎውም የወይራውን ሽታ ይዞ ይወጣል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ ታጥኖ ለጠላ እንደ ተለየ ይኖራል። ዕቃ የጠጣውን እንደማይረሳ ለመማር እስከ ዡራ ተራሮች መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። ቢሆንም የሌላውን ሰው ዕቃ እንደ ራሴ ቤት ዕቃ ማክበር ያን ዕለት አልታሰበኝም።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኋቸው። ሁለት መንገድ ነገሩኝ። አንደኛው፣ የፒፓውን ጎድጓዳ በጨው ሞልቶ አልኮል አንጠባጥቦበት ማሳደር ነው፤ ጨው ሽታውን ስቦ ያወጣዋል። «ነገር ግን ይህ የአንድ ቀኑን ላታኪያ ብቻ ለይቶ አያወጣም፤ የሠላሳ ዓመቱንም ጭምር ይወስዳል» አሉኝ። ሁለተኛው፣ ምንም ሳይነኩ በቀድሞው ትምባሆ መቀጠል ነው። አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ ሽታ ባለቤቱ ሲመላለስበት ይለቃል። ዋጋ ስጠይቃቸው፣ «ለምክር አላስከፍልም» ብለው ቶርኖአቸውን አስነሡ።

ማታ ዲዦን ስገባ ሙሴ ፒፓዋን ከፊታቸው አድርገው የጨውን ዕቃ አጠገቧ አኑረው አገኘኋቸው። ለካ እሳቸውም ዘዴውን ያውቃሉ። «ሙሴ፣ እባክዎን አይሙሉት» ብዬ የሰማሁትን ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም ጨውን ወደ ኩሽና መለሱት።

በነጋታው እሑድ ቢጫውን ትምባሆ ራሳቸው ሞሉ። «ገና ነው» አሉ። በሁለተኛውም እሑድ «ገና ነው» አሉ። በአራተኛው እሑድ ግን ምንም አልተናገሩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ወንበሩ ደገፍ አሉ፤ እኔም ገባኝና አልጠየቅሁም።

ይህን የጻፍሁት ትምባሆን ለማመስገን አይደለም። የፒፓ ጢስ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳምባ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ የታወቀ ነው፤ የሙሴም ሐኪም ያለ ምክንያት አልከለከላቸውም። እኔም እስከ ዛሬ አልጠጣሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት አንድ ዕቃ እንድሞላ ስታዘዝ፣ «የምን ማስቀመጫ ነው?» ብዬ አስቀድሜ ሳልጠይቅ አልነካም።