ሃያ መስመር ባሕረ ሐሳብ

ፕሮግራሚንግ እንጀራዬ አይደለም፤ ማታ ማታ የምነካካው ነገር ነው። የመሐል ሜዳ ብርድ ከቤት አላስወጣ ሲል ባና ተከናንቤ ስልኬ ላይ ቴርሙክስን እከፍትና በፓይተን ትንንሽ ስክሪፕት እጽፋለሁ። አንዷ የፎቶዎቼን ስም በቀን ታስተካክላለች፣ ሌላዋ የዕቁባችንን ዕጣ ታወጣለች። አብዛኞቹን ከሳምንት በኋላ ራሴም እረሳቸዋለሁ። ያልተረሳችው የባሕረ ሐሳቧ ናት።

ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ቀመር ነው፤ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ለኔ ግን በሰው ጭንቅላት ላይ እንዲሠራ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ሊቃውንቱ "መግደፍ" የሚሉት እኛ ሞዱሎ የምንለውን ነው በቃ።

እስቲ 2018ን እንየው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝተን ስንገድፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው (ማረጋገጫው አብሮ ተጽፏል!)። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 25። ከዚያ ሁለት ወር ከ9 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ፣ ሚያዝያ 4።

ልክ 14 ቢሆንስ? ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። አሥራ ዘጠኙንም ወንበሮች በአንድ ሉፕ አስወጣኋቸው። 13 አለ፣ 15 አለ፣ 14 የለም። ሊመጣ አይችልም። ከዚያ ደግሞ እንደ 2005 ያለው ዓመት አለ፤ ትርፉ ዜሮ ስለሆነ አንድ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊቃውንቱ ወንበሩን 18 ይሉታል። ፓይተንም -1ን በ19 ሲገድፍ 18 ይላል፤ ጃቫስክሪፕት ግን -1 ብሎ ቁጭ። እዚህ ላይ ፓይተን ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። በ2006 ግን እሱም አይበቃም፦ ወንበሩ ዜሮ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ ደግሞ 30 ይባላል እንጂ ዜሮ አይባልም። ለዚህ ለብቻው አንድ መስመር ያስፈልጋል።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ስክሪፕቷን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው "ሚያዝያ 4" የሚለውን አነበቡ።

"ይሄንንማ የግድግዳው ካላንደርም ይለዋል" አሉኝ። "ወንበሩ ስንት ሆኖ ነው?"

"12፣ የኔታ።"

"እሱን አይናገርማ!"

እውነታቸውን ነው። ቀኑን ማወቅ ለፈለገ ሰው የኔ ሃያ መስመር ምንም አይጨምርም፤ እሳቸው ዘንድ እየቀነሰ ያለው ቀኑን የሚያውቅ ሳይሆን የሚያሰላ ሰው ነው። ዘንድሮ ማታ ማታ የሚመጡት ተማሪዎች ሁለት ናቸው። ስለዚህ ስክሪፕቷን ገለበጥኳት፦ አሁን መልስ አትሰጥም፣ ትጠይቃለች። ወንበር? አበቅቴ? መጥቅዕ? ትክክለኛው እስኪገባላት ወደሚቀጥለው አታሳልፍም።

ትልቁ ተማሪ ስልኩን ተቀብሎኝ 2030ን መረጠ። ሳይነካው በጣቱ ቆጠረና "ወንበር 5፣ መጥቅዕም 5፤ ከ14 አነሰ፣ ጥቅምት ነው" አለ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ሐሙስ ይውላል፤ ተውሳኩ 3። ነነዌ የካቲት 8።"

"ፋሲካስ?" አሉት።