ትርፍ አየር

ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄዶ «አዞ ገበያ»ን ያየ ሰው እዚያ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ለምን እንደማይታሰብ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ዓባያም አዞ አለበት፤ ደለሉም ውሃውን አቅልቶታል። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ልጅ ዳይቪንግ ሲያምረው ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ለመሄድ ያሰባችሁ ልጆች ስለ መጠባበቂያ አየር ስለጠየቃችሁኝ የማምንበትን ልንገራችሁ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን የተጨመቀ ተራ አየር ነው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ 3 እጥፍ ስለሚሆን አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ላይ ሆኖ በደቂቃ 30 ሊትር የሚስብ የደነገጠ ሰው እዚያ ታች 90 ሊትር ይፈጃል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የምትስበው፣ በእጅ የምትያዘው ትንሿ ጠርሙስ 85 ሊትር ገደማ ብትይዝ ነው። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ላይ ለመድረስ ግን ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ 5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ መቆየት አለ። አትበቃም፤ ገንዘባችሁን አታውጡባት።

እኔ የምመርጠው የራሱ ሬጉሌተር (መተንፈሻ) ያለውን ባለ 3 ሊትር ሲሊንደር ነው። በ200 ባር ሲሞላ 600 ሊትር ይይዛል፤ ደንግጣችሁም ቢሆን ከ20 ሜትር ተረጋግታችሁ ያወጣችኋል። «የጓደኛዬ ኦክቶፐስ፣ ማለትም ትርፍ መተንፈሻው፣ ይበቃኛል» የሚል አለ። ጓደኛው በክንድ ርቀት እስካለ ድረስ እውነቱን ነው፤ ኤሊ ባለፈች ቁጥር ግን ሁሉም ካሜራውን ይዞ ይበተናል።

መግዛቱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አጠቃቀሙን መልመድ ያስፈልጋል። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ አለቁ። ከሟቾቹ መካከል የሕይወት ማዳኛ ጃኬታቸውን ገና ካቢኔው ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። ስለዚህ ከመጥለቃችሁ በፊት ቫልቩን ክፈቱ፣ የግፊት መለኪያውን እዩ፣ ተንፍሱበት። ጥልቀት በሌለው ውሃም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በዳበሳ አግኝታችሁ አፋችሁ ውስጥ አስገቡት፤ እጃችሁ እስኪለምደው ደጋግሙት።

ከአንድ ነገር ግን የትኛውም ሲሊንደር አያድናችሁም። ስትመለሱ የምታልፉባት አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ስትጠልቁ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍታ መውጣት፣ በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና፣ ለከባድ ሕመም ይዳርጋል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል። እናንተ 24 አድርጉት፤ የመመለሻ ትኬታችሁንም በዚያው ልክ ቁረጡ።