ስድስት ወይስ ስምንት

ከሚሴ ያደግኩት ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፤ የከባድ መኪና ጥሩምባ ቀስቅሶኝ አያውቅም። ጩኸት ሰው ሊጎዳ እንደሚችል የገባኝ ስክራብ ነርስ (ለቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ አቀባይ) ሆኜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንድ የሐምሌ ሌሊት ነው።

ከቦርከና ወንዝ ማዶ የመጣች እናት በቀዶ ሕክምና ተገላግላለች። ማደንዘዣው ከወገቧ በታች ብቻ ስለሆነ ነቅታለች፤ ሁሉን ትሰማለች። ማህፀኗ ተሰፍቶ ሆዷን ልንዘጋ ስንል መብራት ጠፋ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጀነሬተር ተነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ኮርኒሱ ስስ ችፑድ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ ይታጠባል፤ ትሪ በወደቀ ቁጥር እኛ ዘንድ የወደቀ ይመስላል።

ሆዷ ውስጥ እንዳይረሳ ጎዝ፣ ማለትም ደም የምንመጥበትን ጨርቅ፣ ቆጠራ ላይ ነን። የከፈትነው አስር ነው፤ ሁለቱ እኔ ጋ አሉ። ባልዲው ውስጥ የተጣለውን የምትቆጥረው ባልደረባዬ በማስኳ ውስጥ ሆና ጮኸች፤ እኔ የሰማሁት “ስድስት” ነው። ሁለት ጎደለ! ሐኪሙ መርፌውን አስቀምጦ እንደገና ሆዷ ውስጥ ይፈልግ ጀመር።

“ማል በዴ?” አለችኝ እናትየዋ በኦሮምኛ፤ ምን ጠፋ?

ባልደረባዬ ተጠግታ ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። ስምንት ናቸው።

“ሆምቱ ህንበድኔ” አልኳት፤ ምንም አልጠፋም። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሕመምተኛ በሚታከምበት ክፍል ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቅጽ ደግሞ ቆጠራው መሟላቱን ነርሷ በቃሏ እንድታረጋግጥ ይጠይቃል። በቃሏ! ቃል በማይሰማበት ቤት እንዴት ይሆናል?

የቀዶ ክፍል ግድግዳ እንዲታጠብ ሲባል ልሙጥ ነው፤ ልሙጥ ነገር ድምፅን መልሶ ይወረውራል፣ መጋረጃና ምንጣፍም አይገባበትም። ስለዚህ ጩኸቱን ከውጭ የሚያስቀረው ንድፉ ነው፦ ጀነሬተሩ ከሕንፃው ርቆ በራሱ መሠረት ላይ ይቀመጥ፤ በዕቃ ማጠቢያውና በቀዶ ክፍሉ መካከል መጋዘን ይግባ፤ ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ሶሌታ ይኑር፤ በሩ ሲዘጋ ክፍተቱን የሚደፍን ጎማ ይደረግለት። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሳለ ቀላል ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስ ይጠይቃል።

በእኛ አካባቢ ሆስፒታል የምትነድፉ አርክቴክቶች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በሐምሌ ሌሊት፣ ጀነሬተር ሲነሣ፣ ማስክ አድርጋችሁ እዚያ ክፍል ቁሙና እስከ አስር ቁጠሩ።