ከምርቃና በኋላ

እኛ የጭሮ ልጆች ምርቃናን፣ ተከትሎት የሚመጣውን ድብርትና የሌሊቱን ዱካክ ሳንቅምም እናውቀዋለን። ጫት ሳትቀምስ ወር ሙሉ "ለማንም አልጠቅምም" የምትል ጓደኛ ስትኖረንስ? አንዱ ጎረቤት ጠበል፣ ሌላው ሼኽ ጋ ውሰዷት ይላል።

ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር ቡታጅራ ገጠር ወርደው ያጠኑ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት የያዙበት ሥራ የአእምሮ ጭንቀትን፣ ራስን ማጥፋትን፣ ጫትንና አልኮልን ይመለከታል። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ ግማሹ ይቅም ነበር፤ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ለጸሎት ትኩረት ይሰጠናል አሉ። (የኛ አባቶችም ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉት!) የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት እዚሁ አገር መሠልጠን የጀመረው በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አታላይም እዚያ አስተምረዋል።

አሜሪካዊው አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ያመጣው የንግግር ሕክምና ደግሞ "አልጠቅምም" የሚለውን ሐሳብ ራሱን ማስረጃ ይጠይቀዋል፤ ጃርሱማ ላይ ሽማግሌ ከሳሹን እንደሚጠይቀው። መድኃኒት በካርቶን ይላካል። ይህን ጥያቄ ግን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ጓደኛችን የምትጠብቀውም ጭሮ ወይ ገለምሶ ላይ ወንበር ስቦ የሚቀመጥላትን ነው።